ርእሰ አንቀጽ፦ የይፋግ ሽማግሌዎች ሳያልፉብን

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ይፋግን ከቁም ነገር አይቆጥራት ይሆናል። ዳሩ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ይፋግ በጎንደር ነጋዴ ዘንድ ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ አሞሌ ጨውና ጥጥ የሚለወጥባት፥ ቀረጥ የሚከፈልባት። በክፉ ቀን በዚያ ገበያ እህል ስንት እንደ ተሸጠ የጠየቀ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። ወዲያውም ጣልያኖች ለጦራቸው ከሕንድ ወደ ምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የደስታ በሽታ አገሩን አዳረሰ፤ ከ10 ከብት 9ኙ እንዳለቀ ይገመታል። ድርቁ፥ አንበጣውና ተምቹ ተጨመረበት። በከብቱ ዘር ለታወቀው ለፎገራ ሜዳ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የገበሬ ልጅ ሁሉ ይረዳዋል። ዝናም ቢዘንብም የሚያርስ በሬ የለም፤ ሰው በዶማ ቆፈረ፥ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ።

የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን በ1929 እ.ኤ.አ. የጀመረውን የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ሲያስተምሩን የኒው ዮርክን የአክሲዮን ገበያ ይጠቅሳሉ። መልካም ነው። ስተድስ ተርክል የተባለው የቺካጎ የሬዲዮ ሰው ግን በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚያው ዘመን ያሳተመውን መጽሐፍ ያጠናቀረው ከሠራተኛው፥ ከገበሬው፥ ከባለጠጋውም አንደበት ነው። 40 ዓመት አልፎ እንኳ አልዘገየም።

የክፉ ቀን ምስክር ዛሬ የለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሃያ ዓመት የሞላቸው ግን ስድሳን አልፈው በየቤታችን አሉ። መጀመሪያ የሸጣችሁት ጥገቷን ነው ወይስ የእርሻውን በሬ? ዘሩን በላችሁት ወይስ ደበቃችሁት? አራጣው ስንት ነበር? በሬ ማን አዋሰ፥ ማንስ ነፈገ? ስለ ጓያ ደግሞ ለብቻው መጠየቅ ይገባል። ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፥ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚገኝ፥ ወራት ሙሉ እሱን ብቻ የበላውን ሰው እግር የሚሰብር እህል ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ስንቱን በምርኩዝ አስኬደ! በሽታውን ሐኪሞች ጽፈውታል፤ ሌላ ምርጫ እንዴት እንዳጡ የሚነግሩን ግን የበሉት ናቸው።

ረሃብን ማውራት አገርን ማዋረድ ነው የሚሉ አሉ። አንስማማም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በዝምታ ተሸፍኖ ሳለ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢው አሳዩ። በዚያ ማፈር የነበረበት የሸፈነው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም በኪሳችን እናውቀዋለን። እናቶቻችን ከወረታ ገበያ ምን መግዛት እንደ ተዉ ግን እኛ አልመዘገብንም።

ስለዚህ ለክረምት ወደ ፎገራና ወደ ሊቦ ከምከም የሚሄድ ተማሪ ሁሉ አንድ ደብተር ይያዝ። የታሪክና የኢኮኖሚክስ መምህራን ጥያቄውን አብረውን ያዘጋጁ። ተናጋሪው ካልፈቀደ ስሙ አይጻፍ፤ ቃሉም እንደ ተነገረ ይጻፍ፥ እኛ አናሳምረው። ቅዱስ ዮሐንስ አልፎ ስንመለስ ደብተሮቹ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይግቡ። የማባዣው ቀለምና ወረቀት ካልጎደለን በየወሩ ሁለት ገጽ እንለቅላቸዋለን።