ርካሽ ሴራሚክ ወይስ ርካሽ ወለል?

የዛሬውን የጤፍና የቡና ዋጋ ከላይ ለጥፈናል። አሁን ደግሞ ትንሽ ስለ ወለል እናውራ። ምርት ተሽጦ እጅ ላይ ብር ሲገባ ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ቤት ነው፤ ሊሾውን ወደ ሴራሚክ መቀየር፣ የተጀመረ ክፍል መጨረስ። በውስጥ መስመር "ርካሽ ሴራሚክ የት ይገኛል?" የምትሉኝም ለዚህ ነው። የኔ ሐሳብ ግን ይሄ ነው፦ ከሴራሚኩ የካሬ ዋጋ ይልቅ ብሩ የሚያፈሰው በልኬቱ፣ ከስር በሚገባው ሲሚንቶ እና በተደበቀ ኮሚሽን በኩል ነው።

እህል ላይ ያለን ሰዎች ይሄ አይጠፋንም። አንድ ኩንታል ጤፍ 200 ብር አስቀንሰህ ገዛህ እንበል። ቤት ወስደህ ሲበጠር አፈሩና እንክርዳዱ 5 ኪሎ ከሆነ፣ ኪሎውን 100 ብር ብቻ ብንለው እንኳ 500 ብር ሄደ። 300 ብር ከስረህ "ረከሰልኝ" ትላለህ። ወለልም እንደዚሁ ነው።

ልኬቱን በራሳችሁ አውጡት። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ሳሎን 20 ካሬ ነው። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ስንጨምር 22 ይሆናል። ዞኮሎውን ከዚያው ሴራሚክ የምትቆርጡ ከሆነ 6 ያህል ፍሬ፣ ማለትም ወደ 2 ካሬ ጨምሩ። 60 በ60 የሆነ፣ 4 ፍሬ የያዘ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ 17 ካርቶን ነው። 25 ካርቶን ግዙ ከተባላችሁ "8ቱ ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ። በሰያፍ ይነጠፍ ካላችሁ ብክነቱ ስለሚጨምር ያንን አስቡበት። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው የቀለምና የመጠን ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን። ያልተከፈተ ካርቶን መመለስ እንደሚቻል ደግሞ ከሱቁ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

ቀጥሎ ከስር ያለው። ወለሉ ዘንበል ካለ ሠራተኛው የሚያስተካክለው በእናንተ ሲሚንቶ ነው። 20 ካሬ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት መጨመር 0.2 ሜትር ኩብ ነው፤ እንደ ድብልቁ አንድ ከረጢት ተኩል ገደማ ሲሚንቶ ይበላል። 3 ሴንቲ ከሆነ ከ4 ከረጢት በላይ፣ አሸዋው ሳይቆጠር። ሥራው ሳይጀመር ግልጽ ጎማ በውሃ ሞልታችሁ የአራቱን ማዕዘን ልክ ተመልከቱ። የድሮው ሊሾ ጠንካራና ልኩን የጠበቀ ከሆነ ደግሞ ሳያፈርሱ፣ ፊቱን አሻክሮ በሴራሚክ ማጣበቂያ ከላይ መንጠፍ ይቻላል። በሩ ከፍታውን ይፍቀድ እንጂ ትልቁ ቁጠባ እዚህ ጋ ነው።

ከድብልቁ ላይ ሲሚንቶ መቀነስ ግን ቁጠባ አይባልም። ከስሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ ከባድ ዕቃ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ያኔ ማፍረሻ፣ አዲስ ሴራሚክና የእጅ ዋጋ እንደገና ትከፍላላችሁ።

አሁን ወደ ኮሚሽኑ። እኔ ደላላ ነኝ፤ እንጀራዬ ኮሚሽን ነው። ስለዚህ ኮሚሽን ነውር ነው አልልም። ገዢና ሻጭ እያወቁት ሲከፈል የሥራ ዋጋ ነው። ገዢው ሳያውቅ ከተከፈለ ግን የሚወጣው ከገዢው ኪስ ነው። ሠራተኛው ራሱ መርጦ የወሰዳችሁ ሱቅ በካርቶን የሚያስብለት ከሆነ፣ 17 ካርቶን የሚበቃውን ቤት 25 ቢያደርገው የሚጠቀመው እሱ ነው። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። "ባለሙያው ዕቃ ያውቃል፣ ዋጋም ያስቀንሳል" የምትሉ አላችሁ፤ አዎ፣ የሚያስቀንስ አለ። ታዲያ ይምረጥላችሁ፤ ዋጋውን ከሌሎች ሁለት ሱቆች ጋር አስተያይታችሁ ክፍያውን ራሳችሁ ፈጽሙ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።

እኛም ግን ጥፋት አለብን። በእጅ ዋጋ ላይ በካሬ 50 ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን እንከራከራለን። 20 ካሬ ላይ 1,000 ብር ነው። ያቺን ብር ሠራተኛው ወይ በጥድፊያ ወይ ከሱቁ ያካክሳታል። እኔ ብሆን በግልጽ "ከሱቅ ምንም አትቀበል፣ ድካምህን እኔ በደንብ እከፍልሃለሁ" እለዋለሁ። ክፍያውንም በሦስት እከፍለዋለሁ፦ ሲጀምር፣ ነጥፎ ሲጨርስ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከሳምንት በኋላ ሴራሚኩን አንድ በአንድ በሳንቲም አንኳኩቼ ባዶ ድምፅ ከሌለው።

ናሙና ሳታዩ ቡና የማትገዙ ሰዎች፣ ለዓመታት የምትረግጡትን ወለል በሰው ግምት አትግዙ። ልዩ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ በሴራሚክ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ከስር ጻፉልን። የነገው ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለጠፋል። መልካም ገበያ።