ኮዱ ሳይጻፍ የሚያልቀው ዳታ
ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የጫነ አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን የሲ ቋንቋ ፕሮግራም ሊጽፍ ሲታገል አየሁ። ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር አልተጫነም። ሊጭነው ሲል አንዱ ፓኬጅ ሌላውን፣ ሌላውም ሌላውን ከኢንተርኔት ይጠራል፤ ከስልኩ የሚያጋራው ዳታ መሀል ላይ አለቀ። «ሊኑክስ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ። ይህን ቃል ስሰማ ያመኛል፤ ልጁ ገና አንድ መስመር ኮድ እንኳ አልጻፈማ! እንዲህ ያለውን ጀማሪ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። መፍትሔ ግን አለ፤ ዴቢያን የተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ኮምፓይለሩንና ፓይተንን የያዘ የዲቪዲ ቅጂ በነፃ ያቀርባል። አንድ ሰው ፈጣን መስመር ካለበት አውርዶ በፍላሽ ቢያመጣው፣ ክፍሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይጭናል። የኮምፒውተር መምህራን፣ እባካችሁ፣ ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት ያን ፍላሽ አዘጋጁላቸው።