ዋዛን በዋዛ

ዛሬ የማነሳው ስለ አሜሪካ የገና ዛፍ ነው። «ይህ ከአሶሳ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉኝ ጥቂት ታገሡኝ።

በዊስኮንሲን ግዛት፣ በማኒቶዎክ ከተማ፣ አሉሚኒየም ስፔሻልቲ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 «ኤቨርግሊም» የተሰኘ የአሉሚኒየም የገና ዛፍ ለገበያ አቀረበ። የኤሌክትሪክ አምፖል ቢጠመጠምበት ሰውን ሊይዝ ስለሚችል፣ ከግርጌው በሚሽከረከር ባለቀለም መብራት ይደምቅ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመረተ። እ.ኤ.አ. በ1965 ግን የቻርሊ ብራውን የቴሌቪዥን ፊልም የገና ንግድ ምልክት አድርጎ ተሳለቀበት፤ ብዙም ሳይቆይ ፋሽኑ አለፈና ተጣለ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ጆን ሺሞንና ጁሊ ሊንደማን የተባሉ የከተማዋ ፎቶግራፍ አንሺዎች የተጣሉትን ዛፎች ሰብስበው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 መጽሐፍ አሳተሙላቸው። ዛሬ ሰብሳቢው የአምራቹን ስም ከካርቶኑ ላይ ሳይቀር ያጣራል።

ለአንድ የፋብሪካ ጌጥ ይህን ያህል ከተደከመ፣ ለመሆኑ እኛ ለዋዛ ምን አደረግንለት?

ዋዛ የበርታ ሕዝብ የቅል መለከት ነው። አንዱ ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ እያንዳንዱ በተራው ድምፁን ሲያዋጣ ነው ዜማው የሚሞላው። ጾሬ ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ሠሪ፣ የእጃቸው ሥራ በአንድ ሙዚየም መስታወት ውስጥ መቀመጡን ስነግራቸው ምን ተብሎ እንደተጻፈበት ጠየቁኝ። የበርታ ብሔረሰብ የሙዚቃ መሣሪያ ይላል አልኳቸው። ብሔረሰቡ ቅሉን በስንት እጁ እንደቆረጠው ጠይቀውኝ ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩ።

ጥፋቱ የሙዚየሙ ብቻ አይደለም። ኅዳር 29 በመጣ ቁጥር ብሔረሰቡ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ሠሪው ግን መንደሩ ይቀራል። እኛ ዶክተር የተባልነውም በጥናታችን «መረጃ ሰጪ 7» ብለን እናልፈዋለን።

«ቅርሱ የጋራ ነው፤ ግለሰብን ነጥሎ ማንሳት የፈረንጅ አመል ነው» የሚሉ አሉ። የጋራ መሆኑን ማን ካደ? ዜማው የጋራ ነው፤ ቅሉን የቆረጠው እጅ ግን የአንድ ሰው ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ቢቀንስም ስሙን መዝለሉ ቀጥሏል፤ ይህም ሌላው የንቀት መልክ ነው። ሕዝብን እያወደሱ ሰውን መርሳት የፖለቲካችን የቆየ በሽታ ነው።

የምጠይቀው ሕንፃ ወይም በጀት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የምትጻፍ አንዲት መስመር ናት፦ የሠሪው ስም፣ መንደሩ፣ የተሠራበት ዓመት። የማኒቶዎኩ ድርጅት ዛፉን ማምረት ቢያቆምም ስሙ ካርቶን ላይ ታትሞ ቆይቶታል። የጾሬው ሰው ግን ካርቶን የለውም፤ እሱ ሲያልፍ ስሙም አብሮት ያልፋል።

ዋዛን በዋዛ አንየው። ቸር እንሰንብት።