የአገር ፍሬ በአገር ስም ይሸጥ

አርባ ምንጭና አካባቢዋ በፍራፍሬ የታደሉ መሆናቸው ከነጋዴ የተሰወረ ነገር አይደለም። ከላንቴና ከጫኖ እርሻዎች የሚወጣው ሙዝ ገና አረንጓዴ ሳለ እየተቆረጠ በጭነት መኪና ይጫናል፤ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አቋርጦ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም በማብሰያ ቤት ጥቂት ቀን ይሰነብትና ለቸርቻሪ ይከፋፈላል። «የአርባ ምንጭ ሙዝ» የሚለው ስም በአዲስ አበባ ገበያ ከሻጩ አፍ አይጠፋም። ዳሩ ግን ስሙ በአፍ የሚነገር እንጂ በዘለላው ላይ የተጻፈ አይደለምና፥ ከሌላ ቦታ የመጣውን ሙዝ በዚሁ ስም ቢሸጡት የሚጠይቅ የለም። ስሙ ለቸርቻሪው ጥቂት ሳንቲም ይጨምርለት ይሆናል፤ ለሲቀላ ነጋዴና ለጫኖ ገበሬ ግን የሚጨምርላቸው አንዳች ነገር አይታይም። ፍሬው የሚበላሽ ስለሆነ ዋጋውን የሚቆርጠው ሊታገሥ የሚችለው ወገን ነው፤ የሚታገሠውም ሁልጊዜ ገዢው ነው።

ይህ ችግር በጋሞ ምድር የተጀመረ አይደለም። በኢጣሊያ አገር ደቡብ፥ በአድርያቲክና በኢዮንያ ባሕሮች መካከል፥ ፑሊያ የሚባል ፀሐይ የማይለየው የባሕር ዳር ምድር አለ። በዚያም ፕሪሚቲቮና ኔግሮአማሮ የሚባሉ የወይን ዘሮች ከቆየ ዘመን ጀምሮ ይተከላሉ። የፀሐዩ ብርታት በፍሬው ውስጥ ስኳር ያበዛል፤ ስኳሩም በተብላላ ጊዜ ኃይለኛና መልኩ የጠቆረ ቀይ ወይን ጠጅ ይወጣዋል። የፑሊያ ሰዎች ግን ብዙ ዘመን ይህን ወይን ጠጅ በጠርሙስ አሽገው አልሸጡትም ነበር። በጅምላ እየጫኑ ወደ ሰሜን ኢጣሊያና ወደ ፈረንሳይ ይልኩት ነበር እንጂ፤ የሰሜኑም ነጋዴ ፀሐይ ያነሰውን የራሱን ቀጭን ወይን ጠጅ በዚህ እያጠነከረ በራሱ ስም ለገበያ ያቀርበው ነበር። ጉልበቱ የፑሊያ፥ ስሙ የሌላ ሰው፥ ትርፉም ስሙን ተከትሎ የሄደ ነበር።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። «ፕሪሚቲቮ ዲ ማንዱሪያ» የተባለው ስም እ.ኤ.አ. በ1974 በኢጣሊያ ሕግ ታወቀ፤ ይህም ማለት በማንዱሪያ አካባቢ ካልበቀለ ወይን የተሠራ መጠጥ በዚህ ስም ሊሸጥ አይገባውም ማለት ነው። ቀድሞ ለመቀላቀያ ብቻ ይፈለግ የነበረው ወይን ጠጅ ቀስ በቀስ የውጭ አገር ገዢዎች በስሙ እየጠሩ የሚያዙት ዕቃ ሆነ። ምድሩ ያው ነው፤ ፀሐዩም ያው ነው፤ የተጨመረው ጠርሙስና ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ፕሪሚቲቮ የፑሊያ የገዛ ዘር ነው ሲባል ኖሮ፥ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ዘሩን መርምረው በካሊፎርኒያ ዚንፋንዴል ከሚባለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጡ፤ ከዚያም በኋላ ጥንተ መገኛው ከባሕሩ ማዶ በክሮኤሽያ መሆኑ ተገለጠ። እንግዲህ የአገር ዘር ማለት ከአዳም ጀምሮ በዚያው የበቀለ ማለት አይደለም። ሙዝም ከእስያ የመጣ፥ ማንጎም ከህንድ ወገን የተሻገረ ተክል ነው፤ የጨንቻ ፖምም በሚስዮናውያን እጅ የገባ ነው። የገበሬው እጅ የለመደው፥ ምድሩም የተቀበለው ፍሬ ሁሉ የአገር ፍሬ ይባላል።

በኢትዮጵያ ከወይን ፍሬ ይልቅ የወይን ስም ይበዛል። ሴት ልጁን ወይንሸት ወይም ወይኒቱ ብሎ የሚጠራ አባት ብዙ ነው፤ በጓሮው የወይን ሐረግ ያለው ግን ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለቍርባን የሚሆነውን ከዘቢብ ስታዘጋጅ ኖራለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎ ከራሰ በኋላ እንደሚጨመቅ ጽፎ ነበር። ዘቢብ አስመጪዎች ይህን ገበያ ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

በኋላ ዘመን የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርን፥ አክሱሚትንና ክሪስታልን ለሕዝብ አስለመደ። ከእነዚህ መካከል የሁለቱ ስም አመራረጥ ለነጋዴ ትምህርት ያለበት ነው። ጉደር የወንዝና የከተማ ስም ነው፤ አክሱሚትም ከአክሱም የወጣ ነው። ጠጪው ከየትኛው የወይን ዘር እንደ ተጠመቀ ባያውቅም ስሙን ጠርቶ ያዛል። በመንግሥት እጅ የነበረው ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ይዞታ ሲዛወር፥ ገዢዎቹ የገዙት ጋንና ማሽን ብቻ አልነበረም፤ በየሆቴሉና በየሠርጉ ቤት የለመደውን ስም ጭምር እንጂ።

ከዚያም የዝዋይ ነገር መጣ። አስቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢራ ፋብሪካ ገዝቶ የነበረው ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዝዋይ፥ ባቱ በሚባለው ከተማ አጠገብ፥ ከፈረንሳይ ያስመጣውን የወይን ችግኝ አስተከለ። ሜርሎ፥ ካቤርኔ ሶቪኞን፥ ሲራና ሻርዶኔ የሚባሉት የፈረንሳይ ዘሮች በሐይቁ ዳር በቀሉ። የመጀመሪያው ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀረበ፤ በዚያን ጊዜም ፋብሪካው በዓመት 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ያህል ለማውጣት የተሰናዳ ነበር። ጉማሬና ጅብ እርሻውን እንዳያጠፉት በዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለት ነበር፤ የዓባያና የጫሞ ዳር ሰው ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስልም። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም በእንግሊዝኛ «ስምጥ ሸለቆ» ማለት ነው። ዘሩ የፈረንሳይ፥ ገንዘቡ የፈረንሳይ ሲሆን፥ ለስሙ ግን የኢትዮጵያን ምድር መረጡ። ባዕድ ነጋዴ የማያዋጣውን ስም አይመርጥም።

ዓባያና ጫሞ በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ሐይቆች ናቸው። ስለዚህ «ዝዋይ ከቻለ አርባ ምንጭ ለምን አትችልም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢነሣ አያስገርምም። መልሱ ግን ችግኝ ወደ ማስመጣት መሮጥ መሆን የለበትም። አርባ ምንጭ ከዝዋይ ይልቅ ዝቅ ያለና የሚሞቅ ቦታ ነው። በቆላ አገር የወይን ሐረግ ብርድ አግኝቶ ስለማያርፍ፥ ገበሬው በመግረዝና ውኃ በመከልከል በግድ ያሳርፈዋል፤ ይህንን ያወቀበት በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቅማል። በታንዛንያ በዶዶማ ገበሬዎች እንዲህ እያደረጉ ወይን ያለማሉ፤ ከሚተክሉትም ዘር አንዱ ማኩቱፖራ ተብሎ በዚያው አካባቢ ባለች ቦታ ስም ይጠራል። ነገሩ የሚቻል ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ የወይን ሐረግ ተተክሎ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያም ጋን፥ ማቀዝቀዣና ባለሙያ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ችሎ የሚጠብቅ ገንዘብ በሲቀላ ሱቆች መሳቢያ ውስጥ የለም።

ያለው ሌላ ነው። የሙዙ ጭነት በሚመረጥበት ጊዜ ያጠረው፥ የተላጠው፥ በመንገድ ሳይደርስ የሚበስለው ወደ ጎን ይጣላል። የማንጎ ወራት ሲደርስም ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ዋጋው እጅግ ይወርዳል። በታንዛንያ በአሩሻ ከተማ ከሙዝ የተጠመቀ ወይን ጠጅ በጠርሙስ እየታሸገ ተሽጧል። ሥራውም ምሥጢር የለበትም፤ የበሰለው ሙዝ ተልጦ ይፈጫል፥ በውኃ ይቀቀላል፥ ይጠለላል፥ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በተዘጋ ጋን ውስጥ ለሳምንታት ይብላላል፥ በመጨረሻም እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ይገለበጣል። የሙዝ ጭማቂ በተፈጥሮው ወፍራም ስለሆነ በቶሎ አይጠራም፤ እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ደፍርሶ የቀረ መጠጥ ለገዢው ያቀርባል። ሊታወቅ የሚገባው ግን ለጠመቃ የሚውለው ፍሬ ለጭነት ያልተመቸ እንጂ የበሰበሰ አለመሆኑን ነው። የበሰበሰ ፍሬ ኮምጣጤ እንጂ ወይን ጠጅ አይወጣውም።

ከሙዙም ይልቅ በእጅ ያለው ጠጅ ነው። ማርና ጌሾ ከማንም ባሕር ማዶ የሚጠበቁ አይደሉም። ባልቴቶች አንድ እጅ ማር ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ውኃ ጋር እያዋሐዱ ሲጥሉት የኖሩት ይህ መጠጥ፥ ኢትዮጵያ ለዓለም ልታሳየው የምትችለው የገዛ ወይን ጠጇ ነው። የሚያሳዝነው ግን በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጠጅ በጠርሙስ ሲፈልጉ ያገኙት ከአሜሪካኖች እጅ መሆኑ ነው፤ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ያለው ብራዘርሁድ የተባለው የወይን ጠጅ ፋብሪካ «ሼባ ጠጅ» የሚል ስም ሰጥቶ አሽጎ ሸጦላቸዋል። ማሩ የአሜሪካ ንብ፥ ስሙ የኢትዮጵያ ንግሥት! አሜሪካዊውን ነጋዴ ግን ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ባዶ ሆኖ ያገኘውን መደርደሪያ ሞላ እንጂ ሌላ አላደረገም።

ጠጅ በጠርሙስ እንዳይሸጥ ያደረገው ዋና ችግር መብላላቱን አለማቆሙ ነው። ዛሬ ጥሩ የነበረው ከሳምንት በኋላ ይኮመጥጣል፤ ወይም ክዳኑን ገፍቶ ይፈነዳል። ማር ሻጭ፥ ጠጅ ጣይና ሱቅ ያለው ነጋዴ ለየብቻቸው ቢሠሩ ይህን አይወጡትም። በአንድ ላይ ሆነው አንድ ማጣሪያ፥ አንድ ማሞቂያ ጋንና የአልኮሉን መጠን የሚለካ አንድ መሣሪያ ቢገዙ፥ ደግሞም ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሙያ ምክር ቢጠይቁ፥ ነገሩ ከአቅም በላይ አይሆንም።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ነጋዴዎች እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። በጋሞ አገር በሃይማኖታቸው ምክንያት የሚያሰክር መጠጥ የማይቀምሱና የማይሸጡ ብዙ የተከበሩ ሰዎች አሉ፤ ሐሳባቸው መከበር አለበት። እነርሱ ስለ ጠርሙሱ የተባለውን ለማንጎ ጭማቂ፥ ለደረቅ ሙዝና ለታሸገ ማር ቢያውሉት የስሙ ጥቅም አይጓደልባቸውም። ሌሎች ደግሞ የኤክሳይስ ታክሱንና የባዶ ጠርሙሱን ውድነት ያነሣሉ። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ታክሱ በሒሳብ ሳይገባ የተተመነ ዋጋ ነጋዴውን ያከስራልና አስቀድሞ ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ጠይቆ መነሣት ግድ ነው። ስለ ጠርሙስ ግን ቢራ ነጋዴዎች መያዣ እያስከፈሉ ባዶውን እንደሚመልሱ ማየት ይበቃል።

ማስታወቂያም ሌላ ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስትና በቢልቦርድ እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። እንግዲህ ለአዲስ መጠጥ የቀረለት ዋና ማስታወቂያ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ስም የማን እንደሚሆን ካሁኑ ካልተወሰነ፥ «ጫሞ» ወይም «ዓባያ» የሚለውን ስም ሌላ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ያስመዘግበዋል።

የቡናን ታሪክ ላኪዎች አይዘነጉትም። ኢትዮጵያ ሲዳሞን፥ ይርጋ ጨፌንና ሐረርን በአሜሪካ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ስትጠይቅ ነገሩ ብዙ አከራከረ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያከራከሯቸው ስለ ፍሬው ሳይሆን ስለ ስሙ መሆኑን ማስታወስ ይበጃል። በጋሞም ቢሆን ለዚህ ምሳሌ አይጠፋም፤ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማ የሚገዛ ሰው «የዶርዜ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሸማኔዎቹ ስማቸውን በእጃቸው ሥራ ስላስከበሩት ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ደግሞ ማኅበር የሚያስመዘግበውንና አባላቱ ሁሉ የሚጠቀሙበትን የወል የንግድ ምልክት ይፈቅዳል። የወል ምልክት ያለ ደንብ ዋጋ የለውም፤ የማሩ ንጽሕና፥ የአልኮሉ መጠን፥ የታሸገበት ቀን ተጽፎ ካልተጠበቀ አንድ ስኳር የቀላቀለ አባል የሌላውን ሁሉ ገበያ ይዘጋል።

ጅምሩ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። የአርባ ምንጭ ሆቴሎችና የዶርዜ ማረፊያዎች ሐይቁንና አዞውን ለማየት የሚመጣውን እንግዳ ይቀበላሉ፤ እንግዳውም ማታ ሲቀመጥ የሚቀርብለት ወይን ጠጅ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ነው። ሁለት ሦስት የሲቀላ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው፥ ፈቃዱን አውጥተው፥ ጥቂት መቶ ጠርሙስ ጠጅ ወይም የሙዝ ወይን ጠጅ ለእነዚሁ ሆቴሎች በአደራ ሽያጭ ቢያቀርቡ፥ በስድስት ወር ውስጥ ስንቱ እንደ ተሸጠ፥ ስንቱ እንደ ኮመጠጠ፥ ስንቱ ባዶ ጠርሙስ እንደ ተመለሰ ከመዝገቡ ላይ ይታያል።