ግማሹን ልማድ ይዘው

ሚስቱን የደበደበ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ «ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው» ብሎ መመለሱ፣ የተማረውም ወገን በበኩሉ የአፍሪካ ልማድ ሁሉ ሴትን ከወንድ እግር በታች ከመጣል በቀር ሌላ ሥርዐት የለውም ብሎ ማስተማሩ፣ ሁለቱም ከአንድ ስሕተት የሚቀዱ በመሆናቸው ዝም ብዬ ለማለፍ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። የመጀመሪያው ለበደሉ መሸሸጊያ ይሻል፤ ሁለተኛው ባልመረመረው ነገር ይፈርዳል።

የአርሲ ኦሮሞ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ ሲንቄ የሚባለውን ቀጭን በትር ከእናቷ እጅ ተቀብላ ነው። በትሩ ለጌጥ የተሰጣት አይደለም። ባል ሚስቱን፣ ይልቁንም አራስ ሳለች፣ የመታ እንደ ሆነ፣ ጩኸቷን የሰሙ የሰፈሩ ሴቶች ሊጡን በቡሖቃው፣ ወተቱን በገንቦው ትተው፣ እያንዳንዳቸው ሲንቄያቸውን አንሥተው በአንድነት ይወጣሉ፤ በደለኛውም በሽማግሎች ፊት ጥፋቱን አምኖ፣ ይቅርታ ለምኖ፣ ከብት አቅርቦ እስኪታረቅ ድረስ ወደየቤታቸው አይመለሱም። የሚጣሉ ወንዶችም ሴት ሲንቄ ይዛ በመካከላቸው ከቆመች ጠባቸውን ሊቀጥሉ አይገባም። እርግጥ ነው፣ በገዳ ሸንጎ ሥልጣኑ የወንዶች ነበረ፤ ያን ዘመን ዘመነ ፍትሕ ነበር አልልም። ነገር ግን የሚመታ እጅ ሁሉ ሳይጠየቅ ይቀር ነበር የሚለውን ቃል ይህ ሥርዐት ሐሰት ያደርገዋል።

በናይጄሪያ ምሥራቅ የሚኖሩት የኢግቦ ሴቶችም በደለኛውን ሰው በግቢው ከብበው፣ እየዘፈኑ ጥፋቱን እየዘረዘሩ፣ ንስሐ እስኪገባ ድረስ እንቅልፍ የሚነሡበት ሥርዐት ነበራቸው፤ «በሰው ላይ መቀመጥ» ይሉታል። እንግሊዞች ግን አገሩን ሲይዙ በወረቀት ሹመት የሰጡት ከሞላ ጎደል ለወንዶች ብቻ ነበረ፤ የሴቶቹን ጉባኤ ዐይናቸው አላየውም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1929 ኦሎኮ በሚባል ቀበሌ ሴቶችና ከብቶች ሲቈጠሩ ግብር ሊጣልባቸው ነው ብለው የሠጉት ሴቶች በብዙ ሺህ ሆነው በተነሡ ጊዜ፣ ወታደሮች ተኩሰው ከ50 የሚበልጡትን ገደሉ። ገዥዎቹ ነገሩን ሁከት ብለው መዘገቡት፤ ሴቶቹ ግን የሴቶች ጦርነት ይሉት ነበር፣ ስሙንም ለመስጠት መብቱ የእነርሱ ነው።

የእኛም አገር ከዚህ አልራቀም። በፈረንሳዊው ሊቅ በረኔ ዳቪድ ረቂቅነት የተሰናዳው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሾሞ፣ ሚስት በሕግ የተፈቀደውን ሁሉ ሲያዛት እንድትታዘዝ ጻፈ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስም ቃሉ ጸና። የባል ትእዛዝ በአንቀጽ ሲሠፍር፣ በዚያው ዘመን በአርሲ መስኮች እየተሰለፈ ባልን ለዕርቅ ያስገድድ የነበረው የእናቶች በትር በመጽሐፉ ስፍራ አላገኘም። ያልተጻፈውም ከጊዜ ብዛት እንዳልነበረ ተቈጠረ።

እንግዲህ በዱላው ላይ ልማድን ምስክር አድርጎ የሚቆም ባል ሁሉ ምስክሩን እስከ ፍጻሜው ያሰማን፤ የሰፈሩ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በደጁ ሲቆሙም በሩን ከፍቶ ይውጣና ከብቱን ያቅርብ።