ያለውን ቲፒኤም አታጥፉት
ለደሴና ለኮምቦልቻ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ግልጽ ደብዳቤ



ይህን የምጽፈው አንድ የሥራ ልማድ እንድትተዉ ልለምናችሁ ነው። መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ገዝቶ ፍላሹ አልነሳ ሲል ባዮስ ውስጥ ተገብቶ ሴኪውር ቡት ዲስኤብል ይደረጋል፤ አንዳንዱማ ቲፒኤሙንም አብሮ ያጠፋዋል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 ሲጠይቅ በሩፈስ የተዘጋጀ ፍላሽ መስፈርቱን ያዘልላል። ከዚያ አንድ ኢሜጅ ለሁሉም ይጫናል፣ የንብረት ቁጥር ይለጠፋል፣ ርክክብ ይፈረማል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ ወደ 11 የሚሻገረው ሁሉ በዚሁ መንገድ እንዳይሄድ እሰጋለሁ።

ደንበኛ እንደሚያጣድፋችሁ አውቃለሁ። አሮጌው ማሽን ላይ ቲፒኤም 2.0 ከሌለ ብትዘሉት አልወቅሳችሁም። የምወቅሰው ያለውን ማጥፋታችሁን ነው።

ቲፒኤም ማዘርቦርድ ላይ ወይም ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚቀመጥ የጥበቃ ቺፕ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ እያንዳንዱ ደረጃ ቀጣዩን ከማስኬዱ በፊት ሃሹን አስልቶ ለቺፑ ይሰጣል። ቺፑ አዲሱን ከቀድሞው ጋር አጣምሮ እንደገና ሃሽ ያደርገዋል እንጂ በላዩ አይጽፍም፤ ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ አንዴ የገባውን ማንም አይፍቀውም። ሴኪውር ቡት በርቶ ይሁን ጠፍቶ ቺፑ ልኬቶቹን ከሚይዝባቸው መዝገቦች ቁጥር 7 በተባለው ላይ ይታወቃል። ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ይህን ሁሉ ለፕሮግራሞች የሚያቀርበው የከርነሉ ድራይቨር ነው። በሊኑክስ መዝገቦቹም የአነሳሱ ዝርዝርም እንደ ፋይል ይነበባሉ። በዊንዶውስም ሎግስ ፎልደር ውስጥ ሜዠርድቡት የሚባል አለ። ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፤ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ጉዳዩ ለእኛ ከተሞች ይብሳል። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲመታ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል ንብረት ተዘርፏል። የተዘረፈ ኮምፒውተር አንድ ቀን ቢገኝ፣ ወይም ያገለገለ ተብሎ ለሽያጭ ቢቀርብ፣ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? የተለጠፈው ቁጥር ይላጣል፣ ሃርድ ዲስኩ ይቀየራል፣ ባዮስ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥርም ሊጻፍበት ይችላል። ቺፑ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ቁልፍ ግን ማዘርቦርዱ ወይም ቺፑ ያለበት ፕሮሰሰር እስካልተቀየረ ድረስ ፎርማት ስለተደረገ አይለወጥም። የዚህን ቁልፍ ይፋዊ ግማሽ በርክክብ ዕለት መዝግቦ የያዘ መሥሪያ ቤት ንብረቱን የሚለይበት ነገር አለው። የዲጂታል መታወቂያው ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌርም ምዝገባ የሚካሄድበትን ኮምፒውተር በቲፒኤም ቁልፉ እንዲያውቀው ታስቦ የተሠራ ነው። የዜጎችን ማንነት ለሚመዘግብ ሥራ ያስፈለገው ጥንቃቄ ለሆስፒታል ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ይበዛበታል ብላችሁ አታስቡ።

በሌላው ጫፍ ያለውን ስህተትም አልደግፍም። ስክሪን ላይ የወጣን የአነሳስ ዝርዝር ፎቶ አንስቶ እንደ ማስረጃ መያዝ ዋጋ የለውም። ድራይቨሩ አቅራቢ ብቻ ነው፤ ከርነሉ ራሱ ከተበከለ የሐሰት ዝርዝር ሊያሳይ ይችላል። የሚታመነው መርማሪው በዚያች ቅጽበት የሰጠውን የዘፈቀደ ቁጥር አካትቶ ቺፑ የፈረመበት መልስ ነው፤ ዝርዝሩም ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። ደግሞም የማይለወጠው ቁልፍ ማሽኑን፣ በማሽኑም በኩል ሰውን ለመከታተል ይመቻል። ስለዚህ ለየፕሮግራሙ አይሰጥም፤ ለመፈረሚያ ሌላ ቁልፍ ይወጣል። በምስጢር አያያዝ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚደረግ ለማየት፣ ከአነሳሱ ልኬት የመሣሪያውን ምስጢር የሚያወጣውን ዳይስ የሚባል አሠራር ለሚጠቀሙ መሣሪያዎች በ2014 በሊኑክስ 5.18 የገባውን ድራይቨር ተመልከቱ፤ ከቡት የተላለፈውን ምስጢር ለፕሮግራሙ ካቀረበ በኋላ ፕሮግራሙ ከሚሞሪው እንዲያጠፋው መንገድ አዘጋጅቶለታል። ሠሪዎቹ እስከዚህ ድረስ ተጠንቅቀዋል።

ከሚቀጥለው ርክክብ ጀምሮ ቅጹ ላይ ሦስት ነገር ይጨመር፦ ቲፒኤሙና ሴኪውር ቡቱ መብራታቸው፣ የቺፑ ይፋዊ ቁልፍ፣ እና ሲስተሙ ተጭኖ ያለቀ ዕለት የተወሰደ በቺፑ የተፈረመ ልኬት። መዝገቡ ከማሽኖቹ ተለይቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የግዥ ክፍሎችም ቅጹ ሳይሟላ ክፍያ አትልቀቁ። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ደግሞ ይህን የአንድ ቀን የላብ ልምምድ ብታደርጉት፣ ተማሪው የጥገና ሱቅ ሲቀጠር ባዮስ ገብቶ ለማጥፋት ከመቸኮሉ በፊት ፍላሹ ያልተነሳበትን ምክንያት ይፈልጋል።