ጋዜጠኛ አትበሉት፤ ምስክር በሉት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለ ጋዜጠኝነት ሙያ ውይይት በተደረገ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ «ሞባይል የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ ነውን?» የሚል። ተከራካሪዎቹም በሁለት ጎራ ተሰልፈዋል። አንደኛው ጎራ «የዜጎች ጋዜጠኝነት» የሚለውን ሐረግ እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ፣ ካሜራ ያለው ስልክ በየሰዉ እጅ ስለ ገባ ከእንግዲህ የዜና ክፍልም ሆነ አርታዒ አያስፈልግም ይላል። ሁለተኛው ጎራ ደግሞ አፍንጫውን ነፍቶ፣ ከመንገድ ዳር የተቀረጸውን ሁሉ «ለወሬ የለው ፍሬ» እያለ ያጣጥላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ጎራዎች መሳሳታቸውን፣ ስሕተታቸውም የሰው ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑን ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ለአጣጣዩ ጎራ መልስ እንስጥ። በየካቲት ወር 2004 ዓ.ም. በቤይሩት ከተማ፣ ከኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ እየተደበደበችና እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ አንድ ተመልካች በስልኩ ቀረጸ። ምስሉም በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። በዐረብ አገሮች በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ስለሚፈጸመው በደል ከዚያ በፊትም ብዙ ተነግሮ ነበር፤ ከስደት የተመለሱት እኅቶቻችን እንባቸውን እያፈሰሱ ተርከውታል። ይሁን እንጂ የተናገሩት ሁሉ «ተባለ» ከመሆን አላለፈም። ያ አጭር ምስል ግን «ተባለ»ን «ታየ» አደረገው። ምስሉ ከታየ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወጣቷ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች፤ ራሷን እንዳጠፋችም ተገለጸ። ስልኩ ሕይወቷን አላተረፈም። ሞቷ ግን እንደ ብዙዎቹ በዝምታ እንዳይቀበር አድርጓል፤ ጎታቿም ክስ ተመሥርቶበታል። ይህን «ወሬ» ብሎ የሚንቅ ሰው ካለ፣ የናቀው ስልኩን ሳይሆን የተጎተተችውን ልጅ ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሕይወቱ ሲያልፍ፣ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ መግለጫ የሕክምና ችግር ገጥሞት እንደ ሞተ የሚያስመስል ነበር። መግለጫውን ያፈረሰው በአጠገቡ ቆማ የነበረች የ17 ዓመት ልጃገረድ የቀረጸችው ምስል ነው። የፑሊትዘር ሽልማት ቦርድም በ2013 ዓ.ም. ልዩ ክብር ሰጥቷታል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ልጅቷ በፍርድ ቤት የቆመችው በጋዜጠኝነት አልነበረም፤ ያየችውን ለመናገር፣ በምስክርነት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ አምላኪው ጎራ እንመለስ። በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. በኩዌት አንዲት ኢትዮጵያዊት ከፎቅ መስኮት ላይ ተንጠልጥላ እንዲይዟት ስትለምን፣ አሠሪዋ እጇን በመዘርጋት ፈንታ ስልኳን ዘርግታ ቀረጸቻት። ልጅቷ ወደቀች፤ ነፍሷ የተረፈው በዕድል ነው። የቤይሩቱ ስልክና የኩዌቱ ስልክ አንድ ዓይነት መሣሪያ ናቸው። የአንደኛው ምስል በደልን አጋለጠ፤ የሁለተኛው ምስል ግን ራሱ በደል ነበር። እንግዲህ «ስልክ ሕዝብን ነጻ አወጣ» የሚለን ወገን፣ የትኛውን ስልክ ማለቱ ነው?

በአገራችንም የደረሰውን አንርሳ። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከክስ ቃል ጋር በፌስቡክ ከተሠራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸውም በ2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ላይ ክስ መሥርቷል። ያንን ጽሑፍ ያሠራጩት ሰዎች አርታዒ አልነበራቸውም፤ ኃላፊም አልነበራቸውም። ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም ሆነው ቀረቡ። አርታዒ አያስፈልግም የሚለው መፈክር ሥጋ ሲለብስ የሚመስለው ይህን ነው።

ታዲያ መንገዱ የቱ ነው? እኔ የምለው አጭር ነው፤ ባለ ስልኩን ጋዜጠኛ አትበሉት፤ ምስክር በሉት። ይህን ስል ላሳንሰው አይደለም። ምስክርነት ከጋዜጠኝነት ይልቅ የቆየና የከበደ ማዕረግ ነው። አባቶቻችን «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ የነበረው እረኛው ጸሐፌ ትእዛዝ ስለ ነበረ ሳይሆን፣ ባለሥልጣን የማያየውን ሜዳ ስለሚያይ ነው። በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ ሥርዓትም ወንጀል የተፈጸመበት አገር ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ አይበተንም ነበር። ሥርዓቱ የራሱ ግፍ አልነበረውም አልልም፤ ንጹሑንም ከሥራው አፈናቅሎ ያውላል። ያም ሆኖ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ ማየት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም መሆኑን፣ የሚመሰክር ሰውም ለቃሉ ተጠያቂ መሆኑን።

ምስክር የት፣ መቼ፣ ምን እንዳየ ይጠየቃል። ያላየውን አይጨምርም፤ ያየውን አይቆርጥም። ዐምና የተቀረጸውን ዘንድሮ ሆነ አይልም፤ የሌላ አገር ሬሳ የራሱ መንደር ሬሳ ነው ብሎ አያለቅስም። ጋዜጠኛው ደግሞ የምስክሩን ቃል ተቀብሎ የሚመረምር ነው። ይህ ባዶ ምኞት አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት የካሜሩን ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲረሽኑ የሚያሳይ፣ በስልክ የተቀረጸ ምስል በወጣ ጊዜ መንግሥት ሐሰት ነው ብሎ አስተባብሎ ነበር። የቢቢሲ ጋዜጠኞች ግን ከበስተጀርባ የሚታየውን የተራራ ጫፍ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ቦታውን፣ የሰዎቹን ጥላ ለክተው ጊዜውን አወቁ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አራት ወታደሮች የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ስልኩ ብቻውን ቢሆን «ሐሰት» ተብሎ በቀረ፤ ጋዜጠኞቹም ያለ ስልኩ የሚመረምሩት ባልነበራቸው።

በሥልጣን ላይ ላሉትም አንድ ቃል አለኝ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል። ሕግ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለይቶ መቅጣት ይችላል፤ መዝጋት ግን አይለይም። መሥመሩ ሲዘጋ ሐሰተኛው ምስክርና እውነተኛው ምስክር አብረው ዝም ይላሉ። ሐሰት ግን ያለ ስልክም በእግሩ ይሄዳል፤ እውነት ነው ማስረጃ የምትሻው። ስለዚህ በመዝጋት ይበልጥ የምትጎዳው እውነት ናት።

እንግዲህ ስልክ የያዝህ ወገኔ ሆይ፣ ከመቅረጽህ በፊት እጅህ ሰውን ለማዳን ይደርስ እንደ ሆነ አስተውል። የሚደርስ ከሆነ ስልኩን ጣልና እጅህን ዘርጋ። የማይደርስ ከሆነ ቅረጽ፤ ቀኑንና ቦታውን መዝግብ፤ የተጎጂውን ክብር ጠብቅ፤ ሲጠይቁህም ያየኸውን ብቻ ተናገር። ጋዜጠኛ ሆይ፣ ምስክሩን አትናቅ፤ ሳትመረምርም አትመን። የኪነ ጥበብ ሰዎችም፣ የምንሠራው ሥራ ይህን ልዩነት ለሕዝብ የሚያሳይ ካልሆነ፣ ከመስኮት ማዶ ቆሞ ከመቅረጽ በምን ይለያል?